አዲስ ቤት ለምን ነፋስ ያስገባል?

ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ ኮንዶሚኒየሞች እየተነሡ በየማለዳው ወደ ስድስት ኪሎ የሚመጡ ጓደኞቻችን ከጥቅምት እስከ ጥር የሚያሰሙት እሮሮ አንድ ነው፤ ይኸውም «መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ መጋረጃው ይወዛወዛል» የሚል ነው። ቤቱ አዲስ፣ ቀለሙ ገና ያልደበዘዘ፤ ሆኖም ሌሊት በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ማጥናት ግድ ሆኗል። ስለዚህ የአምስት ኪሎ የምሕንድስና ወንድሞቻችን «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን አገባው» ሳይሉን፣ ያየነውንና ጠይቀን የተረዳነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በመጀመሪያ ጥፋቱ ሁሉ የመስኮቱ አይደለም። የአቃቂ አገር ሜዳ ነው፤ በእንጦጦ ግርጌ እንዳሉት ሰፈሮች ተራራና ባሕር ዛፍ አይጋርደውም። በበጋ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከምሥራቅ በኩል ነው። በገላጣ ላይ የቆመ ፎቅ ሲያጋጥመው በፊት ለፊቱ ይገፋዋል፣ በጀርባው ደግሞ አየር ይስባል። በዚህም ምክንያት በአንዱ ወገን ቀዳዳ የገባው አየር በሌላው ወገን መውጫ ስለሚያገኝ ክፍላችን የነፋስ መተላለፊያ ይሆናል። ወደ ላይኛው ፎቅ በተወጣ ቁጥርም ነፋሱ ይበረታል።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን በብዛት የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች፣ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል፣ ግድግዳቸው ብሎኬት፣ መስኮታቸው የብረት ፍሬምና አንድ ገጽ መስተዋት ነው። ብረቱ ሲበየድ በሙቀቱ ትንሽ ይጣመማል። ፍሬሙን ከግድግዳው ጋር ያያያዘው የሲሚንቶ ልስን ደግሞ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ዙሪያውን የጸጉር ያህል ስንጥቅ ይተዋል። ስለዚህ ቤቱ አዲስ መሆኑ ራሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ስንጥቁ ብቅ የሚለው ከርክክቡ በኋላ ልስኑ እየደረቀ ሲሄድ ነውና። መስተዋቱን የያዘው ስቱኮም ፀሐይ ሲመታው ውሎ አድሮ ይረግፋል።

ነፋሱ የሚገባበትን ሳያውቁ ሲሊኮን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ነፋስ ባለበት ምሽት መጋረጃውን ማንሣት፣ ዕጣን ማጤስ፣ ጢሱንም በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ጢሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደኅና፤ ከተበተነ ቀዳዳው እዚያ ነው።

በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ያለው ስንጥቅ፣ የላላው ልስን ተፍቆና አቧራው ተወልውሎ፣ ቀጭን ከሆነ በሲሊኮን፣ ሰፊ ከሆነ በሲሚንቶ ይደፈናል። የረገፈውም ስቱኮ በአዲስ ይተካል። የሚያስቸግረው የሚከፈተው ክንፍ ነው። ብዙ ሰው ከመማረሩ የተነሣ ይህንንም በሲሊኮን ያጣብቀዋል፤ በሐምሌ ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ግድግዳው ሻጋታ ያበቅላል። የሚሻለው በክንፉና በፍሬሙ መገናኛ ላይ ጀርባው ሙጫ ያለው ስስ ጎማ መለጠፍ ነው። አስቀድሞ ወረቀት በመካከል አድርጎ መስኮቱን መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ፤ ሳይያዝ ከወጣ ጎማው የሚያስፈልገው በዚያ ቦታ ነው፤ እንቢ ካለ ግን ጎማ ቢጨመርበት መስኮቱ አይዘጋም። መቀርቀሪያው የላላ ከሆነም ጎማ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ በያጁ ይጠራ። ከፍሬሙ ግርጌ የዝናብ ውሃ የምታስወጣ ቀዳዳ ካለች አትነካ።

ነፋስን መድፈን ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ በሊጥ ይለጠፍ የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም (ማንበብን በዚያ ግድግዳ ላይ የጀመረ ከመካከላችን አይጠፋም)። ነፋስንም እንደ በሽታ እንፈራዋለን፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ «የታክሲው መስኮት ይከፈት» ቢባል ስንቱ ተሳፋሪ ተነጫነጨ! ሆኖም የጭቃው ቤት ጋዜጣ ቢለጠፍበትም በጣሪያውና በግድግዳው መገናኛ ይተነፍስ ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ክፍል ግን፣ ከመጨረሻው ፎቅ በቀር፣ ከላይም ከታችም ኮንክሪት ነው፤ መስኮቱ ከተደፈነ መተንፈሻ የለውም።

ይህንን የምናነሣው በከሰል ምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ቡና ሲፈላ ከሰል ይያያዛል፤ ከቡናው በኋላም ምድጃው ክፍሉን እንዲያሞቅ ይተዋል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጢሱ ካለቀና ፍም ከሆነ በኋላ ቢገባ የማይጎዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከቀላውም ፍም ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰው አየር እየሳበ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያም እንቅልፍ ይመጣል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይህ እንቅልፍ ነው። ፍሙን በአመድ ማዳፈን ቃጠሎውን ያዘገየዋል እንጂ ጋዙን አያስቀረውም።

እስከ ትናንት በስንጥቁ ይገባ የነበረው ያ የተማረርንበት ነፋስ ይህንን ጋዝ ሳናውቀው ያስወጣልን ነበር። ስለዚህ መስኮቱን ያስጠገነ ሰው በዚያው ቀን የከሰል ምድጃውን ከመኝታ ክፍሉ ያውጣ። ቡናው በረንዳ ላይ፣ ካልሆነም በርና መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፤ ምድጃው ከነፍሙ ቤት ውስጥ አይደር። የወጥ ቤትና የመጸዳጃ ቤት የአየር ማስወጫም ፈጽሞ አይደፈን። ከሰል በነደደበት ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ቢኖር፣ ክኒን ከመፈለግ በፊት ወደ ውጭ አውጥቶ ንጹሕ አየር ማስተንፈስ፣ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።