«ማህበራዊ» አዝዞ ስልክ ላይ ማፍጠጥ

መርካቶ ምሳ በልታችሁ ካወቃችሁ «ማህበራዊ» የሚባለውን ምግብ ታውቁታላችሁ። ወጡም ጥብሱም አይቡም ጎመኑም አንድ ትሪ ላይ ይደረደርና ለሁለትም ለሦስትም ሆኖ ይበላል። አሁን አሁን ግን ትሪውን ከከበቡት አንዱ ቲክቶክ ላይ ነው፣ ሌላው ቴሌግራም ላይ። ምግቡ ማህበራዊ፣ በላተኛው ለየብቻው።

ችግሩ ዝምታው ነው? ለእኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ኒኮላስ ናውማን የሚባል ሼፍ እንግዶቹ ቃል ሳይተነፍሱ የሚበሉበት እራት አዘጋጅቶ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ለእኛ ግን ምኑ አዲስ ነው? ስንቶቻችን «ምግብ ላይ አይወራም» እየተባልን ነው ያደግነው! ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ ዝም ብለን የምንበላው ከአንድ ትሪ ነበር። ሥጋው ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ፊት ይገፋል፣ ጉርሻ ይመጣል። ወሬ ባይኖርም ማን እንደጠገበ፣ ማን እንዳልጠገበ ይታያል።

ይሄ መተያየት ደግሞ የራሱ ኢኮኖሚክስ አለው። በተመረቅኩበት ዓመት ሥራ ስፈልግ፣ ምናለሽ ተራ ሱቅ የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ በምሳ ሰዓት ብቅ እል ነበር። አንድም ቀን «ብር አለህ?» ብሎኝ አያውቅም። «ና እንብላ» ብቻ። ልመና የለም፣ ውለታ ቆጠራ የለም፤ እጅ ታጥቦ መቅረብ ነው። መዝገብ የሌለው እድር በሉት። መዋጮው ባላችሁ ቀን «እንብላ» ማለት ነው፤ በሌላችሁ ቀን ለእናንተም ይደርሳችኋል።

ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ያቀረቀረ ሰው ግን «እንብላ» አይልም፤ የመጣውን ሰው አላየማ! ኪሱ ባዶ የሆነው ጓደኛም «አልረብሸው» ብሎ ያልፋል።

ነገሩ የት ሊያደርስ እንደሚችል አሜሪካኖቹን ማየት ነው። የ2025ቱ የዓለም የደስታ ሪፖርት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ4 አሜሪካውያን አንዱ ያለፈውን ቀን ምግቡን በሙሉ ብቻውን ነው የበላው። ከ2003 ጋር ሲተያይ የ53 በመቶ ጭማሪ ነው። ጭማሪው የበረታው ደግሞ በወጣቶች ላይ ነው።

በግድ አውሩ እያልኩ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ሲከራከር የቆየ ሰው ምሳው ላይ ዝም ቢል መብቱ ነው። ስልኩን ግን ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ ሰው ሲገባ ቀና በሉ። ከዝምታው መሀል አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣ በቂ ናት፦ «እንብላ!»