«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ለሐኪም አይበቃም

ውድ ወላጆች፣ ቆዳችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክካችሁ አድሮ፣ ጠዋት ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ ሐኪሙ «እንዴት ናችሁ?» ሲላችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብላችሁ አታውቁም? እኔ ለማስተርጎም አብሬያቸው የገባሁላቸው አንዲት እናት እንዲሁ አሉ። ሐኪሙ ክንዳቸውን አየ፤ መቅላት አልታየውም፤ «ተሽሏቸዋል» ብሎ ጻፈ። እሳቸው ግን በደንብ ከተኙ ሳምንት አልፏቸው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ መሻል በምን ይለካል?

የቄስ ልጅ ነኝና ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የታመመውን ቆዳ የሚመረምረው ካህኑ ነው፤ የሚለካውም በዓይኑ ነው። ጠጉሩ ነጥቷል? ከቆዳው ጠልቋል? ከ7 ቀን በኋላስ ሰፍቷል? ያሳክክህ ይሆን፣ እንቅልፍ ነሥቶህ ይሆን ብሎ አይጠይቅም። ሥራው ንጹሑን ከርኩሱ መለየት እንጂ ማከም አልነበረምና።

እዚህ ኢየሩሳሌም ከኢትዮጵያ ጎዳና ወጥታችሁ በነቢያት ጎዳና ጥቂት ራመድ ስትሉ ቤት ታቦር የሚባል አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። የኮንራድ ሺክ መኖሪያ ነበር። በ1887 ታልቢያ ውስጥ የተከፈተውን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ የዛሬውን ሀንሰን ቤት፣ የነደፈው ይኸው ሰው ነው። የሥጋ ደዌ ትልቁ ምልክት ደግሞ የቆዳው መንጣት ብቻ አይደለም፤ የነጣው ቦታ ሲነካ አለመሰማቱ ነው። ይህን ታማሚው ካልተናገረ ዓይን ብቻውን አያገኘውም።

ወደ ዛሬው እንምጣ። ለብዙ ዘመን ችፌን የሚያጠኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስፈሪያ ይለኩ ነበር። አንዱ ጤፉን በቁና፣ ሌላው በኪሎ፣ ሦስተኛው በእፍኝ ቢሰፍር የማን እንደበለጠ በምን ይታወቃል? ስለዚህ «ሆም» በሚባል ዓለም አቀፍ ኅብረት ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና ታማሚዎች ራሳቸው ተመካክረው፣ በማንኛውም የችፌ መድኃኒት ሙከራ አራት ነገር ይለካ አሉ፦ ሐኪሙ የሚያየው ምልክት፣ ታማሚው የሚሰማው፣ የዕለት ኑሮው፣ በሽታው ለረጅም ጊዜ መገታቱ። ልብ በሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ያለ እናንተ አፍ አይለኩም።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሐኪሙ መለኪያ መቅላትን ይቆጥራል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን የተቆጣው ቦታ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ይጠቁራል፣ ወይም ሐምራዊና አመድማ ይመስላል። ሕመሙ ከሆነው ቀሎ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው።

የታማሚውን ቃል የሚለኩ መጠይቆች አሉ። «ፖኤም» የሚባለው 7 ጥያቄ አለው፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አሳከከህ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነሣህ፣ ደማ፣ ተሰነጠቀ እያለ ይጠይቃል። ሌላው በ1994 በካርዲፍ የተዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ ነው፤ ከ0 እስከ 30 ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ችግሩ ብሷል። ይህኛው በአማርኛም ተዘጋጅቶ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በባዶ እግር በመሄድ እግራቸው ባበጠ ሰዎች ላይ ተፈትኗል፤ ጥናቱ በ2008 ታትሟል። ስለዚህ «በአማርኛ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዐሥሩ አንዱ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት ይጠይቃል። ታዲያ ይህን በልጁ አፍ የሚያስተረጉም ማን አለ? የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት በቋንቋም በባህልም ለታካሚው እንዲመቹ አዟል። አስተርጓሚ ይምጣልኝ ማለት ነውር አይደለም።

ካህኑ 7 ቀን ይጠብቅ ነበር፤ እናንተም ከቀጠሮው በፊት 7 ቀን መዝግቡ። ስንት ሌሊት ነቃችሁ? ስንት ቀን ደማ? የትኛውን ልብስ መልበስ ተዋችሁ? ተመስገን ማለቱን አትተዉ፤ ከተመስገን ቀጥላችሁ ግን ቁጥሩን ንገሩ።