የሜጋ ቂብላ በሁለት ቁጥሮች

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 144ኛ አንቀጽ የትም ብንሆን ፊታችንን ወደ መስጂደል ሐራም እንድናዞር አዝዟል። ትእዛዙ ቦታ ያልለየ በመሆኑ ሰጋጁ የከዕባን አቅጣጫ ለማወቅ ራሱ የቆመበትን ስፍራ ማወቅ ይኖርበታል። በዛሬዎቹ መሣሪያዎች ይህ ስፍራ የሚገለጸው በሁለት ቁጥሮች፣ በኬክሮስና በኬንትሮስ ነው። ቁጥሮቹን ማንበብ የማይችል ሰው ግን የስልኩን ቀስት ከመከተል በቀር አማራጭ የለውም።

ኬክሮስ አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሚርቅ በዲግሪ ይለካል፤ የዐረብኛ መጻሕፍት «ዐርድ» ይሉታል። ኬንትሮስ ወይም «ጡል» ከመነሻ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ይለካል። የኬክሮስን መነሻ ተፈጥሮ ወስናዋለች፤ የኬንትሮስ መነሻ ግን የሰዎች ስምምነት ነው። በግሪንዊች የሚያልፈው መስመር የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1884 በዋሽንግተን በተካሄደ ጉባኤ ነው። ቀደምት ሊቃውንት ከአትላንቲክ ደሴቶች ወይም ከአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ይቆጥሩ ስለነበር በአል-ኸዋሪዝሚ ሠንጠረዥ የሰፈረው ጡል ከዛሬው ካርታ ጋር አይገጥምም። አል-ቢሩኒም የከተሞችን መገኛ ስለ መወሰን በጻፈው «ተሕዲድ» የጋዝናን ቂብላ ማስላት አንዱ ዓላማው ነበር።

ሜጋ በ4 ዲግሪ ከ03 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ38 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ከዕባ በ21 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ ሰሜንና በ39 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነው። የኬክሮስ ልዩነቱ ከ17 ዲግሪ በላይ ሲሆን የኬንትሮሱ ግን አንድ ተኩል ዲግሪ ብቻ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ መካ ከሜጋ 1,930 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስሌቱ የሜጋን ቂብላ ከትክክለኛው ሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ያደርገዋል። በሞያሌ ይህ ዝንባሌ ወደ 2 ዲግሪ፣ በነገሌ ቦረና ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል። ሐረር ግን ከመካ በስተምሥራቅ ስለሆነች ቂብላዋ ከሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ያጋድላል።

በንባብ ረገድ ሁለት ስሕተቶችን መጠንቀቅ ይገባል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 38 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ በአስርዮሽ ሲጻፍ 38.32 እንጂ 38.19 አይደለም፤ ስሕተቱ ሜጋን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይወስዳታል። ሁለተኛው የከፋ ነው። በተለመደው አጻጻፍ ኬክሮስ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሜጋ በሜድትራኒያን ባሕር ላይ ትወድቃለች፤ የሚሰላው ቂብላም ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ቁጥሩ ትክክል በሆነበት ጊዜም የስልክ ኮምፓስ በአቅራቢያው ባለ ብረት ሊታወክ ይችላል።

እንግዲህ ቀስቱን ማን ይመሰክርለት? ፀሐይ። ግንቦት 20 ቀን አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ሐምሌ 8 ቀን አካባቢ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ፀሐይ ከከዕባ አናት በላይ ትሆናለች። የሀገራችንና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ ማካካሻ አያስፈልግም። ሰማዩ ከጠራ በሜጋ ቀጥ ብሎ የተተከለ በትር በዚያች ቅጽበት የቁመቱን ሲሶ የሚያህል ጥላ ይጥላል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ በትሩ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላን ያመለክታል።

በሻፊዒያ መዝሀብ በታወቀው አቋም ከሩቅ የሚሰግድ ሰውም የከዕባን አካል ለማግኘት መጣር አለበት፤ ብዙ ፉቀሃእ ግን አቅጣጫው ይበቃል ይላሉ። በሁለቱም አቋም ጥቂት ዲግሪዎች ጀመዓን ለመከፋፈል ምክንያት ሊሆኑ አይገባም። የነባር ሚሕራብ አቅጣጫ አጠራጣሪ ሲሆን ክርክሩን በስልክ ከመጀመር ይልቅ ግንቦት 20ን ጠብቆ በትሩን በጋራ መትከል ይሻላል።