ክሩዝ ከሕፃናት ጋር፦ የትኛው መርከብ ለየትኛው ልጅ?

ልጆቹን ይዞ ክሩዝ ለመሄድ ያሰበ ወላጅ ፍለጋውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመርከቡ ፎቶና ከዋጋው ነው። መንሸራተቻው ምን ያህል ይረዝማል? መዋኛ ገንዳው ስንት ነው? ሰባት ሌሊት ስንት ያስከፍላል? ኩባንያዎቹም የሚያስተዋውቁት ይህንኑ ነው። ምርጫውን መወሰን ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ልጅ ዕድሜና ያ ልጅ ከዳይፐር መውጣት አለመውጣቱ። ለስምንት ዓመት ልጅ የደስታ አገር የሆነ መርከብ፣ የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ላቀፈች እናት ከቤት የባሰ ድካም ሊሆንባት ይችላል።

ዛሬ ከምናውቃቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ሦስቱ የተመሠረቱት በጥቂት ዓመታት ልዩነት ነው። ኖርዌጂያን እ.ኤ.አ. በ1966፣ ሮያል ካሪቢያን በ1968፣ ካርኒቫል በ1972 ተመሠረቱ፤ ሦስቱም ያደጉት ማያሚን ማዕከል አድርገው ነው። በዚያ ዘመን ክሩዝ በዋናነት የጡረተኞችና የአዲስ ሙሽሮች መዝናኛ ነበር። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1998 ‹ዲዝኒ ማጂክ› የተባለችውን የመጀመሪያ መርከቡን ሲያሰማራ ግን ከንድፉ ጀምሮ ልጆችን ያሰበ መርከብ ባሕር ላይ ወጣ። ሌሎቹም ለቤተሰብ ገበያ ይበልጥ መፎካከር ያዙ። ዋና መሥሪያ ቤቱን ጄኔቫ ያደረገውና የጣሊያኖቹ የአፖንቴ ቤተሰብ ንብረት የሆነው ኤምኤስሲ ደግሞ በአውሮፓ ገንኖ አሁን በአሜሪካም ሰፊ ቦታ ይዟል።

ባለቤቱ አንድ መሆኑ መርከቦቹን አንድ ዓይነት አያደርጋቸውም። ካርኒቫል ኮርፖሬሽን ከካርኒቫል ሌላ ፕሪንሰስን፣ ሆላንድ አሜሪካን፣ ኮስታንና ኩናርድን ይዟል፤ ሆላንድ አሜሪካ ላይ የሚሳፈረው ግን በአብዛኛው ዕድሜው የገፋና ጸጥታ የሚፈልግ መንገደኛ ነው። ከነጭራሹ ልጅ የማይቀበሉም አሉ። ቨርጂን ቮዬጅስና ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች አያሳፍሩም፤ የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ደግሞ ‹አርካዲያ› እና ‹አውሮራ› የተባሉትን ሁለት መርከቦቹን ለአዋቂዎች ብቻ መድቧል።

በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ሕፃን ለመሳፈር ቢያንስ ስድስት ወር ሊሞላው ይገባል። አትላንቲክን እንደማቋረጥ ወይም ወደ ሃዋይ እንደመሄድ ባሉ፣ መርከቡ ለተከታታይ ቀናት ወደብ በማይነካባቸው ጉዞዎች ላይ ደግሞ 12 ወር ይጠየቃል። ምክንያቱ ሕክምና ነው። መርከቡ ላይ ሐኪምና ነርስ አሉ፤ የሕፃናት ስፔሻሊስትና የተሟላ ሆስፒታል ግን የሉም። በዚሁ ምክንያት በጉዞው መጀመሪያም ሆነ መሐል 24ኛ ሳምንቷ የሚሞላ ነፍሰ ጡር በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ አትሳፈርም። ሁለተኛ ልጅ የሚጠብቁ ወላጆች ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ቀኑን ይቁጠሩ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከሦስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ነው። በአብዛኞቹ መርከቦች በነፃ የሚሰጠው የልጆች ክበብ የሚቀበለው ሦስት ዓመት የሞላውንና ሽንት ቤት መጠቀም የለመደውን ልጅ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ዳይፐር አይቀይሩም። እዚህ ላይ ካርኒቫል ከአብዛኞቹ ይለያል፤ ክበቡ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፣ ዳይፐርም ይቀይራል፣ ለዚህም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክፍያ የሚጀምረው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ካርኒቫልን በርካሽነቱና በጫጫታው ብቻ ያውቀዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ላለው ቤተሰብ ግን በእኔ ግምት ከገበያው ሁሉ የተሻለው ስምምነት ይኸው ነው።

ዲዝኒ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ላሉት በመርከቦቹ ሁሉ የሕፃናት ማቆያ አለው። በሰዓት ያስከፍላል፣ ቦታው ውስን ስለሆነም ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሮያል ካሪቢያንም ተመሳሳይ ማቆያ አለው፤ ነገር ግን በሁሉም መርከቦቹ ላይ አይገኝም። በኖርዌጂያን ለሕፃናት የተዘጋጀው ጨዋታ በአብዛኛው ወላጅ አብሮ የሚገባበት ነው፤ ወላጅን አያሳርፍም። ኤምኤስሲ ከሕፃናት ዕቃ አምራቹ ኪኮ ጋር ያዘጋጀው ክፍል አለው፤ ልጅን ጥሎ መሄድ የሚቻለው በተወሰኑ ሰዓቶች ነው።

ብዙ ወላጅ መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ የሚያውቀው ደንብ ደግሞ አለ። ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሱ መርከቦች በአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት መመሪያ ስለሚመሩ፣ ከዳይፐር ያልወጣ ልጅ የዋና ዳይፐር ቢያደርግም እንኳ መደበኛው ገንዳ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። አንዳንድ መርከቦች ለእነዚህ ልጆች የተለየ፣ ውኃው ለብቻው የሚጣራ የመንቦጫረቂያ ቦታ ሠርተዋል። የዲዝኒ መርከቦች አላቸው፤ ከሮያል ካሪቢያን የተወሰኑት አላቸው፤ ብዙ መርከቦች ግን የላቸውም። በሙቀት መሐል ገንዳ ዳር ቆሞ ለሚያለቅስ ሕፃን ደንቡን ማስረዳት አይቻልምና ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ስለ ገንዳ ከተነሳ፣ የዋና ጠባቂ ጉዳይ ሊዘለል አይገባም። ለረጅም ጊዜ የክሩዝ ኩባንያዎች በገንዳዎቻቸው ዳር ጠባቂ አያቆሙም ነበር። ዲዝኒ ቀድሞ ጀመረ፤ ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኖርዌጂያንም ተከትሎ ጠባቂ መደቡ። ይሁን እንጂ ‹በራስ ኃላፊነት ይዋኙ› የሚል ሰሌዳ ብቻ የተለጠፈባቸው ገንዳዎች ዛሬም አሉ። ልጅ ሲሰምጥ አይጮኽም፤ በሰው በተሞላ ገንዳ ውስጥ በጸጥታ ነው የሚሰምጠው። ጠባቂ ኖረም አልኖረም ወላጅ ከክንዱ ርቀት ባያስወጣው ይመረጣል።

ልጁ ሦስት ዓመት ሞልቶት ከዳይፐር ከወጣ ምርጫው ይሰፋል። ሮያል ካሪቢያን በዚህ ዕድሜ በተለይ በአዳዲሶቹ መርከቦቹ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረው ‹አይከን ኦፍ ዘ ሲስ› 20 ፎቅ አለው፣ አልጋው ሁሉ ሲሞላ ወደ 7,600 መንገደኛ ይይዛል፤ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ብቻ ተብሎ የተሠራ ሰፈርም አለው፤ የልጆቹ ገንዳ፣ የወላጆቹ መቀመጫና ምግቡ እዚያው ጎን ለጎን ናቸው። ከዚሁ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራው ‹ቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ› ግን ከሲሶው ያነሰ ግዝፈት ያለው፣ የውኃ መንሸራተቻ የሌለው ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ የኩባንያውን ስም አይቶ መወሰን አያዋጣም፤ የምትሳፈሩበትን መርከብ ስምና የተሠራበትን ዓመት እዩ።

ይህ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተጨባጭ ጉዳይ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስበት የባልቲሞር ወደብ የአውሮፕላን ትኬት ያስቀራል፤ ለአራት ሰው ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። የቼሳፒክ ድልድይ ከፍታ ግን ግዙፎቹን መርከቦች ስለማያሳልፍ ከዚያ የሚነሱት እንደ ‹ቪዥን› ያሉ መካከለኛ መርከቦች ናቸው። በክረምት ደግሞ ሙቀቱ ጋ እስኪደረስ የመጀመሪያው ቀን በብርድ ባሕር ላይ ያልፋል። ከስድስት ዓመት በታች ልጆች ላሉት ሰው፣ ከፍሎሪዳ የሚነሳ የሦስት ወይም የአራት ሌሊት ጉዞ ትኬቱ ተጨምሮበትም ብዙ ጊዜ ይሻላል። መርከቦቹ አዲስ ናቸው፣ ባሕሩ ሞቃት ነው፣ ኩባንያዎቹ በባሃማስ ወደያዟቸው የግል ዳርቻዎችም ቶሎ ይደርሳል። ዲዝኒ ካስታወይ ኬይን፣ ሮያል ካሪቢያን ኮኮኬይን፣ ኤምኤስሲ ኦሽን ኬይን፣ ካርኒቫል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 የተከፈተውን ሴሌብሬሽን ኪን ይጠቀማሉ። ለትንሽ ልጅ ንጹሕ አሸዋና ጥላ ያለበት ዳርቻ ከታሪካዊ ከተማ ጉብኝት ይበልጥበታል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ዲዝኒ በተመሳሳይ ሳምንትና በተመሳሳይ መስመር ከሌሎቹ በጣም ይወደዳል፤ ብዙ ጊዜ እጥፍ ይጠጋል። በለውጡ የሚሰጠው እውነተኛ ነገር አለ። በብዙዎቹ ክፍሎች ሽንት ቤቱና መታጠቢያው ተለያይተዋል፣ ሕፃን የሚታጠብበት ገንዳም አለ፤ በሌሎች መርከቦች መደበኛ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ጠባብ ሻወር ነው። ካዚኖ የለውም። አስተናጋጆቹ ምግብ ቤቱ ቢቀየርም ቤተሰቡን እየተከተሉ ስለሚያስተናግዱ በሁለተኛው ምሽት ልጁ የሚወደውን ያውቁታል። ገንዘብ የማይቸግረው ይሂድበት። የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ያለበት ቤተሰብ ግን ዲዝኒ ስላልሄደ ልጆቹን እንደበደለ አይቁጠር፤ የአራት ዓመት ልጅ የሚደሰትበት ነገር በሌሎቹም መርከቦች ላይ ሞልቷል። ኤምኤስሲ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ሲሆኑ የወደብ ቀረጥ ብቻ የሚያስከፍልባቸው ቅናሾችን ደጋግሞ ያወጣል። በተዋወቀው ዋጋ ላይ ግን የአስተናጋጆች ጉርሻ ይጨመራል። በአሜሪካ ገበያ ይህ በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ በጣም ሕፃን ካልሆኑ በቀር ልጆችም ይቆጠራሉ።

ምግብን በተመለከተ ለእኛ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ጾምና የአሳማ ሥጋ። በትልልቆቹ መርከቦች ሁሉ ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ ይገኛል፤ አስተናጋጁ በመጀመሪያው ምሽት ከተነገረው ለማግስቱ ያዘጋጃል። አሳማ ግን በቁርስ ላይ ብቻ ሳይሆን በሾርባና በባቄላ ውስጥም ስለሚገባ ቦታ ሲያዝ ማስመዝገብ ይሻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ደግሞ ከጅዳ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ጉዞ የጀመረው የሳዑዲው አሮያ አልኮል የማያቀርብ፣ ምግቡም ሐላል የሆነ መርከብ ነው።

ከሁሉ በላይ እኛን የሚነካው የሰነድ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም፣ እናትም በራሷ አባት ስም ስለሆነ በፓስፖርት ላይ የእናትና የልጅ ስም አይገጥምም። እናት ብቻዋን ልጆቿን ይዛ ስትጓዝ የልደት የምስክር ወረቀትና በውል የተረጋገጠ የአባት ፈቃድ ባትይዝ መሳፈሪያው በር ላይ ልትቆም ትችላለች። ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያው በሚመለስ ጉዞ ከ16 ዓመት በታች ያለ የአሜሪካ ዜጋ በልደት የምስክር ወረቀት መጓዝ ይፈቀድለታል፤ ቢሆንም ታሞ በሌላ አገር ወደብ ቢወርድ በአውሮፕላን የሚመለሰው በፓስፖርት ነውና ፓስፖርት ማውጣት ይሻላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የሚጓዝ ወላጅ መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች የቪዛ ደንብ አንድ በአንድ ማጣራት አለበት። በሼንገን ቪዛ ከባርሴሎና ወይም ከጄኖዋ የሚነሳም፣ መርከቡ ቱኒዚያን ወይም ቱርክን ነክቶ የሚመለስ ከሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል።

የሆድ ሕመም ፍርሃትም አለ። ኖሮቫይረስ በተጨናነቀ መርከብ ላይ በፍጥነት ይዛመታል፤ የአልኮል ጄል በደንብ አያጠፋውም፣ የልጆችን እጅ በሳሙናና በውኃ ማጠብ ነው መፍትሔው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መርከቦችን እየፈተሸ ከ100 ነጥብ ይሰጣል፤ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የመረጣችሁትን መርከብ ፈልጉ።

ለማጠቃለያ ሳይሆን ለውሳኔ ያህል የኔን ልናገር። ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያላችሁና አቅሙ ያላችሁ ዲዝኒን፣ አቅሙ የሌላችሁ ደግሞ አንድ ዓመት መቆየትን ምረጡ። ለሁለት ዓመት ልጅ ካርኒቫል፣ ከሦስት ዓመት በላይ ላሉት በበጀታችሁ መጠን አዲስ የሮያል ካሪቢያን ወይም የኤምኤስሲ መርከብ ይበቃል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ደውሉና በዚያ መርከብ ላይ ከዳይፐር ላልወጡ ልጆች የተለየ ገንዳ መኖሩን፣ የሕፃናት ማቆያው ስንት ልጅ እንደሚይዝና ገንዳው ዳር ጠባቂ መኖሩን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።