የተጎዳ ዊግ ከመጣሉ በፊት

ዊግ ለመጠገን የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ክብሪት ነው። ከማይታይ ቦታ፣ በማጅራት በኩል፣ አንዲት ፀጉር ተነቅላ በወረንጦ ተይዛ ትለኮሳለች። የሰው ፀጉር ከሆነች ሽታዋ የተቃጠለ ላባ ነው፤ የቀረውም በጣት ሲታሽ ዱቄት ይሆናል። ሰው ሠራሽ ከሆነች ግን ትቀልጥና ጫፏ ላይ ጠንካራ ጠብታ ትቋጥራለች። ሁለቱን ደባልቀው የሚሸጡ ስላሉ ከሁለት ሦስት ቦታ መሞከር አይከፋም። ሻጩ «ሂውማን ሄር» ብሎ የማለው መሐላ ለጥገናው አይጠቅምም።

ሰው ሠራሹ ፀጉር ፕላስቲክ ነው። ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ስሙን በደንብ የሚያውቁት ካኔካሎን፣ የጃፓኑ ካኔካ ኩባንያ ምርት፣ ከዚሁ ወገን ነው። ቅርጹን የሚይዘው በሙቀት ስለሆነ የሚበላሸውም በሙቀት ነው። እንጀራ ስትጋግር አክንባሎ ያነሣች ሴት ፊቷ ላይ የሚመጣው እንፋሎት የፊት ፀጉሩን በአንድ አፍታ ያኮማትረዋል። ማጅራት ላይ ያለው ደግሞ ከኮሌታና ከሻርፕ ጋር ሲፋተግ ውሎ ይንጨባረራል።

የተንጨባረረው ይመለሳል። ሰፋፊ ጥርስ ባለው ሚዶ ከጫፍ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይፈታል፤ ከሥር የጀመረ ሰው ቋጠሮውን ያጠብቀዋል። ከዚያ ጥቂት የልብስ ማለስለሻ ጠብ በተደረገበት ለብ ያለ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይለቀለቃል፣ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ቅርጽ ለማስያዝ በቢጎዲን ይጠቀለልና ሙቅ፣ ግን ያልፈላ ውኃ ይፈስበታል፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይነካም፤ ፕላስቲኩ ቅርጹን የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነውና። ፒያስትራ የሚነካው ሙቀት እንደሚችል የተጻፈበትን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በዝቅተኛው ሙቀት፣ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ተሞክሮ።

የሰው ፀጉር ነገሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ከሥር ወደ ጫፍ የተደረደረ ቅርፊት አለው። ከማበጠሪያ ተሰብስቦ የመጣ ፀጉር ሥርና ጫፉ ስለተደበላለቀ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይነካከሳሉ። አንዳንድ አምራቾች ይህን ለማስቀረት ቅርፊቱን በአሲድ ያነሡና ፀጉሩን በሲሊኮን ይቀቡታል። ሐር መስሎ ተገዝቶ ከጥቂት እጥበት በኋላ የሚተበተበው ዊግ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው፤ ጥፋቱ የአጣቢዋ አይደለም። ሲሊኮኑ ታጥቦ ከሄደ በኋላ ኮንዲሽነርና ጥቂት ሴረም ያለዝቡታል እንጂ እንደ አዲስ አያደርጉትም።

ትዕግሥት የሚጠይቀው የሳሳ ቦታ ነው። በእጅ በተሠራ ሌስ ላይ ፀጉሩ የሚቋጠረው በቀጭን መንጠቆ ነው። መንጠቆው ከኪሮሽ መርፌ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ጫፉ ግን እጅግ የቀጠነ ነው። ሁለት ሦስት ፀጉር አንድ ላይ ታጥፎ እጥፉ በግራ እጅ ይያዛል። መንጠቆው በሌሱ ቀዳዳ ገብቶ አንዲቱን ክር ተሻግሮ ይወጣል፣ እጥፉን ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ቀሪው ፀጉር በመንጠቆው ላይ ይዞርና በእጥፉ ውስጥ ተስቦ ይጠብቃል። ኪሮሽ የለመደ እጅ ነገሩን ቶሎ ይይዘዋል። የሳንቲም ስፋት ያለው ራሰ በራ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ሊበላ ይችላል። ቋጠሮው እንዳይፈታ ኮንዲሽነር ከሥሩ መራቅ አለበት። ቋጠሮ እንዳይታይ ተብሎ የሚደረገው ማንጫም ሲበዛ ፀጉሩን ከሥሩ ይበጥሰዋል።

በማሽን የተሰፋው ይቀላል። የተፈታው መስመር ከዊጉ ቀለም ጋር በሚሄድ ክር ተመልሶ ይሰፋል፤ መስመሩ ከተቆረጠ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይታሰራል፣ አለዚያ ከዚያው እየተነቀለ ያልቃል። የሳሳ አናት ካለ ከታችኛው የማጅራት መስመር፣ ማንም ከማያየው፣ ተቆርጦ ሊመጣ ይችላል። የላላ ላስቲክ መቀየርማ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀልጦ የተጣበቀ ሰው ሠራሽ ፀጉር አይመለስም። ጫፉ ብቻ ከሆነ ይከረከማል፤ ግንባሩ ላይ ከሆነ ዊጉን ለማዳን ጊዜ ማጥፋት አያዋጣም። ደህናው መስመሩ ተፈትቶ፣ ለቀጣዩ ዊግ መለዋወጫ ይሆን ዘንድ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጣል።