ተራኪ ያለው ሥዕል፦ ስለ ፌዝ ሪንጎልድ አንድ ሥራ

አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ፌዝ ሪንጎልድ (1930-2024) እ.ኤ.አ. በ1991 የሠራችው «የሱፍ አበቦች የስፌት ማኅበር በአርል» ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም የሚሆን ይመስለኛል። ሸራው በአክሪሊክ ቀለም ተሥሎ፣ ዙሪያው በቁርጥራጭ ጨርቅ ተቀጣጥሎ እንደ አልጋ ልብስ ተሰፍቷል፤ ትረካም ተጽፎበታል። («ድሪቶ» እንዳልለው ቃሉ ችጋር ችጋር ይላል።)

ሶጆርነር ትሩዝ፣ ሃሪየት ተብማን፣ ሮዛ ፓርክስና ሌሎች አምስት ስመ ጥር ጥቁር አሜሪካውያት በሱፍ ማሳ መካከል አንድ የአልጋ ልብስ ይዘዋል። ቫን ጎግ አበባውን ይዞ ከጎን ቆሟል። መቼቱ በታሪክ ሊሆን አይችልም፤ ትሩዝ ያረፈችው በ1883፣ ቫን ጎግ አርል የገባው በ1888 ነው። ተብማን በሞተችበት በ1913 ደግሞ ፓርክስ ተወለደች።

ታዲያ ማን አገናኛቸው? ተራኪዋ ናት፤ ሠዓሊ ለመሆን ፓሪስ የሄደችው የፈጠራ ገጸባሕርይ ዊሊያ ማሪ ሲሞን። ጽሑፉ ሳይነበብ ሥዕሉ የጀግኖች መታሰቢያ ነው። ሲነበብ ግን ክርክር ይሆናል፤ በአገሯ ሠዓሊ መሆን እንዳልተቻላት ስትናገር ሴቶቹ ጨርቅ መቀጣጠላቸው ራሱ ጥበብ መሆኑን ይነግሯታል። እኔ የዙሪያውን ስፌት እንደ ጌጥ የማላየው ለዚህ ነው። ሪንጎልድ የመጀመሪያውን የአልጋ ልብስ በ1980 የሠራችው ከልብስ ቀያሽ እናቷ ከዊሊ ፖዚ ጋር ነበር፤ የተራኪዋንም ስም ልብ ይሏል።