የፊት አክስልና የጨንቻ ዳገት

አርባ ምንጭ ላይ ሙዝ የሚጫንበትን አይሱዙ ከሥሩ ብንመለከት፣ የፊት ጎማዎቹን ያያያዘ ወጥ የብረት አክስል ከባሌስትራ ጋር ታስሮ እናገኛለን። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የ400 ሜትር የመኪና ተወዳዳሪዎችም ይህን መሰል አክስል በቤት መኪና ላይ ይገጥሙ ነበር። ለምን?

አክስሉ የመኪናውን ፊት ከፍ ሲያደርግ የክብደት ማዕከሉም ይነሣል። በሽምጠት ጊዜ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚዛወረው ጫና፣ የመጠነ ቁስ፣ የሽምጠትና የማዕከሉ ከፍታ ብዜት በአክስሎቹ ርቀት ሲካፈል ይገኛል። መኪናው 1,500 ኪሎ ግራም፣ ሽምጠቱ 5 ሜትር በሴኮንድ ካሬ፣ ከፍታው 0.6 ሜትር፣ ርቀቱ 2.5 ሜትር ቢሆን 1,800 ኒውተን ይዛወራል፤ ገፊዎቹ የኋላ ጎማዎች መሬቱን ይበልጥ ይጨብጣሉ።

ለተወዳዳሪው የበጀው ለጭነት አሽከርካሪ አደጋ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚያስወጣው ዳገት፣ የመሬት ስበት ይህንኑ ዝውውር ያስከትላል። ጭነቱ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ከተከመረ የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፤ መሪውም መታዘዙን ይቀንሳል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከታችና ወደ ፊት ይጫን።